እሺ ባይዋ በሽተኛ

ቱሚራ ሠላሳ ዓመት ያህል እኔን ስታገለግል ኖራለች፤ በመድረክ ላይ ማለቴ ነው። እኔ ንግሥት፣ እሷ ገረድ። ወርቅ ቅብ ዘውዴን ደፍቼ ከዙፋኔ ላይ "ሂጂና ንጉሡን ጥሪልኝ" ስላት፣ በጉልበቷ እየዳኸች ትመጣና ሁለት እጆቿን አጣምራ እስከ አፍንጫዋ ከፍ አድርጋ "እሺ እመቤቴ" ትለኛለች። ተመልካቹ ታዲያ እኔ በቃሌ ያጠናሁትን ረጅም ንግግር ሳወርደው ያንቀላፋል፣ እሷ "እሺ" ስትል ይነቃል። የፈራ እሺ ነበራት፣ የሰለቸው እሺ ነበራት፣ ከኋላው ስድብ የተሸሸገበት እሺም ነበራት። በዚህ እንደቀናሁባት አረጀሁ። ስሜ ሳርዊ ይባላል። የቱሚራ የሥራ ባልደረባ ነኝ፣ ጎረቤቷም ነኝ፣ ስለ እሷ የሚያወራ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው እኔ የማወራው።

ኬቶፕራክ የሚባለውን የሕዝብ ቲያትር የሚያሳየው ቡድናችን እዚሁ ሶሎ ከተማ ውስጥ ከገበያው ጀርባ የጣውላ አዳራሽ ነበረው። የነገሥታት ታሪክ እናሳያለን፤ ዘፈን አለው፣ ድብድብ አለው፣ ልቅሶና ቀልድ አለው። መጀመሪያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ቀጥሎ በየኪሱ የሚገባው ስልክ መጣ፣ ሰው ቀረ። አንድ ቅዳሜ ከመድረኩ ላይ የቆምነው ከታች ከተቀመጡት በለጥን። አዳራሹ የሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ሆነ፤ ዙፋኔ ላይ ዛሬ ዘበኛው ተቀምጦ ትኬት ይቆርጣል። የሚያውቁኝ ሰዎች "መቼም አዝነሻል" ይሉኛል። አላዘንኩም። ሳላዝን አለፈ፤ እሱ ነው የሚገርመኝ።

ሥራ ፈትተን ደጃፍ ለደጃፍ ስንቀመጥ ፕሮፌሰር ሄንዳር የሚባሉ ሰው መጡ። በሕክምና ትምህርት ቤቱ፣ ተማሪዎች ከበሽተኛ ጋር መነጋገርን የሚለማመዱበትን ክፍል ነው የሚመሩት። አግዳሚያችን ላይ ተቀመጡ፣ ጣፋጩን ሻያችንን ጠጡ፣ ከዚያ በሽተኛ ሆነው የሚተውኑ ሰዎች እንደሚፈልጉ ነገሩን።

"ለሐኪም ቲያትር ምን ሊያደርግለት ነው?" አልኳቸው።

"ቡ ሳርዊ" አሉኝ፤ ቡ ማለት እንደ እናቴ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። "መርፌ መውጋቱን በጎማ ክንድ ላይ ይለማመዱታል። ሰው ማናገሩን በምን ላይ ይለማመዱት? በበሽተኛው ላይ?"

"እና በእኛ ላይ ይሁን?"

"እናንተ አትሞቱም" ብለው ሳቁ።

ሚና ተከፋፈለ። ዘውድ ደፍቼ የኖርኩ ሴት የጉልበት ሕመም ተሰጠኝ። አንዳንዴ ሲብስ የሆድ ድርቀትም ይሰጡኛል። ለቱሚራ ግን የዓመቱ ትልቅ ሚና ደረሳት። ከገጠር የመጣች፣ ጡቷ ላይ እብጠት የወጣባት ሴት ናት። ተማሪው የምርመራውን ውጤት ይነግራታል፣ እስከ ሐሙስ ሳትዘገይ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት ያስረዳታል። እሷ ፈገግ ትላለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ "እሺ ዶክተር" ትላለች። ምንም አልገባትም። "ገባዎት?" ብሎ ጠይቆ፣ "እሺ" ተብሎ፣ ደስ ብሎት የወጣ ተማሪ ወደቀ። "እስቲ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው እንደሚነግሯቸው ለእኔ ይንገሩኝ" ያለ አለፈ። አብዛኛው ይወድቃል።

ይወድቃላ! እኛ እንዲህ ነና። ከእኛ ከፍ ላለ ሰው እሺ ነው የምንለው። ለመምህሩ እሺ፣ ለቀበሌው ሹም እሺ፣ አንዳንዴ ለአውቶቡስ ረዳቱም እሺ። ሞት ሲነግሩን እንኳ ነጋሪው እንዳይጨነቅ ፈገግ እንላለን። ሐኪም ፊት "አልገባኝም" ማለት ሐኪሙን "አንተ ማስረዳት አትችልም" ብሎ መስደብ ነው፤ ጨዋ ሰው ይህን አያደርግም። ልጆቹም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ "እሺ" ሲባሉ ያምናሉ።

ችግር የመጣው ከትወናው በኋላ ነው። ተማሪው ሲጨርስ ተዋናዩ ከሚናው ይወጣና የተሰማውን ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እኔ ይህን ስወደው! አንዱን "ጉልበቴን ገበያ ላይ እንዳለ ዱባ ጨበጥከው" ብዬ አስለቅሼዋለሁ። ቱሚራ ግን ሁሉንም "በጣም ጥሩ ነው ልጄ" ትላለች። ያስረዳትንም፣ ያላስረዳትንም፣ ስሟን ተሳስቶ የጠራትንም።

"ቡ ቱሚራ፣ ይሄ ልጅ እኮ ምንም አላስረዳዎትም" አሏት ፕሮፌሰሩ።

"እሺ ፕሮፌሰር።"

"ታዲያ ይንገሩታ!"

"እሺ ፕሮፌሰር" አለችና ወደ ልጁ ዞረች። "በጣም ጥሩ ነው ልጄ።"

ስንት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሊያሰናብቷት ነው ስል ፕሮፌሰሩ ዘዴ አገኙላት። "ቡ ቱሚራ፣ ከሚናው አይውጡ። እርስዎ ምን ተሰማዎት ብዬ አልጠይቅም። ያቺ ሴትዮ ምን ተሰማት?" አሏት። ቱሚራ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ከዚያ፣ "ሴትዮዋ እብጠት የሚለውን ስትሰማ ጆሮዋ ተደፈነ። ዶክተሩ ከዚያ ወዲህ ያወራው ከግድግዳው ጋር ነው። ሴትዮዋ አሁን ቤቷ ሄዳ ሩዟን ትቀቅላለች። ሐሙስም አትመጣም። የምትመጣው ሲሸት ነው" አለች። ልጁ ፊቱ ነጣ። እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ደነገጥኩ፤ ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት እንዲህ መናገር እንደምትችል አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሩ ይኸው ሆነ። በገዛ አፏ ማንንም ተቃውማ የማታውቅ ሴት፣ በሴትዮዋ አፍ እውነቱን ቁልጭ አድርጋ ትናገራለች። ልጆቹ ከመምህሮቻቸው ይልቅ ሴትዮዋን ይፈሩ ነበር።

ካለፉት መካከል ኒንድያ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ወንበሯን ወደ ቱሚራ አስጠጋች፣ የምትለውን አለች፣ ከዚያ "ለባለቤትዎ ምን ይሏቸዋል? ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ አልቸኩልም" አለቻት። ቱሚራ ልትመልስ አፏን ከፍታ አለቀሰች። እንባው ሚናው ላይ አልነበረም። በኋላ ስትጠየቅ "ሴትዮዋ ይህችን ልጅ ባገኘሁ ብላ ነው" አለች። ኒንድያ ያን ዓመት ከሁሉም በልጣ አለፈች፣ ስትመረቅ እናትና አባቷን ይዛ ቱሚራ ቤት ድረስ መጣች፣ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመቻት።

አሁን ወደ ባሏ ልምጣ። ጎንዶ ዳላንግ ነው፤ የቆዳ አሻንጉሊቶቹን ከመብራት ፊት እያንቀሳቀሰ ከምሽት እስከ ንጋት ታሪክ ይናገራል። እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ አይነሳም። ሁለት እጁ አሻንጉሊት ይዟል። ሙዚቀኞቹን የሚያዘው በቀኝ እግሩ ነው፤ የአሻንጉሊቶቹ ሣጥን ላይ የተንጠለጠሉትን የብረት ዝርግ ሳህኖች በጣቶቹ በያዘው መምቻ ይመታል። ጦርነት ሲሆን ያ እግር ያብዳል። ንጉሥ ሲገባ ቀስ ይላል። ቀኝ እግር የሌለው ዳላንግ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የለም። እንደዚያ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ስኳር በሽታ አለበት። የሶሎ ሻይ ወፍራምና ጣፋጭ ነው፤ ዳላንግ ደግሞ ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ ይቀርብለታል፣ እምቢ ካለ ባለቤቱን ማሳፈር ነው። ስለዚህ ሲጠጣ ኖረ። እግሩ ቀስ በቀስ ደነዘዘ። አንድ የመከር ድግስ ላይ የሳህኑ ጠርዝ ሁለት የእግር ጣቶቹን ሰነጠቃቸው፣ እሱም ሳይሰማው እስኪነጋ መታ። ሙዚቀኞቹ ናቸው ምንጣፉ ላይ ደም ያዩት። እሱ "ቀለም ነው" ብሎ ሳቀ። ቁስሉ አልሻረም፤ ጠቆረ፣ ሸተተ፣ ትኩሳት አመጣበት።

ሆስፒታል ወሰድነው። ከአንድ አስታማሚ በላይ አይገባም ስላሉ ቱሚራ ገባች፣ አልጋው ሥር ወለል ላይ እየተኛች ታስታምመው ጀመር፤ እኔ ሩዝና ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥብስ በምሳ ዕቃ ይዤ ኮሪደሩ ላይ እጠብቃለሁ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይረግጠኛል። አንድ ቀን ኒንድያን ነጭ ጋውን ለብሳ፣ በዋናው ሐኪምና በብዙ ሰው ታጅባ ወደ ክፍሉ ስትገባ አየኋት። ዕድል ነው አልኩ። ከሁሉም የተሻለችዋ ደረሰችለት ብዬ እፎይ አልኩ፤ ምሳውንም ራሴ ልበላው አስቤ ነበር።

ቱሚራ ስትወጣ መጥታ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካከለችው።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ሁለት መንገድ አለ አሉ።"

"ምንና ምን?"

"አንዱ ሁለቱን ጣቶች ብቻ ቆርጦ፣ ቁስሉን እየጠረጉ መጠበቅ ነው። ብዙ ሳምንት ይተኛል። ከዳነ እግሩ ይተርፋል። ካልዳነ ተመልሰው ይቆርጡታል፣ ለነፍሱም ያሰጋል አለች። ሌላው አሁኑኑ ከጉልበቱ በታች መቁረጥ ነው። ዋናው ሐኪም ይሄኛው ይሻላል ይላሉ፣ ግን ምርጫው የእናንተ ነው አለች።"

"የነገረቻችሁ ኒንድያ ናት?"

"እሷ ናት። ዋናው ሐኪም ከኋላዋ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።"

"ጎንዶ ምን አለ?"

"እሺ አለ። ፈገግ ብሎ።"

"አንቺስ?"

"እኔም እሺ አልኩ።"

"የቱን ነው እሺ ያላችሁት፣ አንቺ ሴትዮ?"

ቱሚራ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችው። "ሁለተኛውን ያልን መሰላቸው። ነገ ጠዋት ነው አሉ፣ በጣት አሻራውም አስፈረሙት።"

ደሜ ፈላ። እኔ እንግዲህ ቶሎ የሚፈላ ደም ነው ያለኝ። "ገብቶታል? እግሩን ነገ እንደሚቆርጡት ገብቶታል?"

"አልገባውም። ያን ፈገግታ እኔ አላውቀውም? የእኔ ፈገግታ እኮ ነው፣ ስንት ዓመት ስሠራበት የኖርኩት።"

"ኒንድያ 'እስቲ መልሰው ይንገሩኝ' አላለችም?"

"አላለችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሳትተኛ ነው ያደረችው። አልጋው ብዙ ነው፣ ሁሉም ይጠብቃታል።"

"ሂጂና ንገሪያት!"

"አለቃዋ ፊት? 'ያስተማርኩሽን ረሳሽ' ልበላት? በሰው ፊት ላዋርዳት?"

"ለጎንዶ ንገሪዋ እንግዲያ! ባልሽ ነው። ግቢና 'ምርጫ አለዎት' በይው።"

"ዶክተሯ ከነገረችው በኋላ እኔ ገብቼ ላርማት?"

ክንዷን ያዝኩት። "ስሚኝ። እንደ ሥራሽ አድርጊው። ከሴትዮዋ አፍ አውጪው። ግቢና 'ሴትዮዋ አልገባትም' በይ። ስታስተምሪያቸው እንደምትዪው።"

ቱሚራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ንዴትም፣ ፍርሃትም። "እዚህ ሴትዮዋ የለችም ሳርዊ" አለች። "እኔ ነኝ ያለሁት።"

ለማንኛውም ገባች። በበሩ መስተዋት አየኋት። ጎንዶ አጠገቡ ለተኙት በሽተኞች የአንድ ወፍራም ንጉሥ ቀልድ በድምፅ እየሠራላቸው ያስቃቸዋል። ሲያያት "ነገ ያበጁኛል፣ ምን ትጨነቂያለሽ" አላት። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከለችለት፣ ቀኙ ላይም ግራው ላይም። ከዚያ ወጣች። ጠዋት ወሰዱት።

ሲነቃ አንሶላውን ከፍ አድርጎ አየ፣ መልሶ ሸፈነው፣ ውሃ ጠየቀ። አልጮኸም። ኒንድያ ከሰዓት በኋላ መጥታ ፋሻውን ፈትታ አየችና ቁስሉ ንጹሕ ስለሆነ ደስ አላት። እጇን የቱሚራ ትከሻ ላይ አድርጋ "ቡ ቱሚራ፣ ደህና ነው የሄደው፣ አይዞዎት" አለቻት። ቱሚራም ቀና ብላ "በጣም ጥሩ ነው ልጄ" አለቻት። ልጅቱ ለምን እንደዚያ እንዳለቻት የገባት አይመስለኝም። እኔ ያን ጊዜ ዘበኛውን ለምኜ ውስጥ ነበርኩ፤ ሰምቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልናገር የምችለው ብዙ ነበር፣ ግን ከተቆረጠ በኋላ ንግግር ምን ይሠራል?

ቤት ከመጣ በኋላ ጎንዶ ስለ እግሩ አላነሳም። ክራንቹን መለማመድ ጀመረ፣ ዶሮዎቹን መመገብ ጀመረ። ለድግስ የሚጠሩት ሰዎች ሲመጡ በትሕትና ሌላ ዳላንግ ይጠቁማቸዋል። እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ ጨዋ ሆነ። ቱሚራም ጨዋ ሆነች። ሁለቱ እንግዳ እንደመጣበት ቤት እየተከባበሩ ይኖራሉ። ቤታቸው ስገባ እኔ ራሴ ድምፄን መቀነስ ጀመርኩ፤ እኔ ድምፅ ስቀንስ የሰማኝ ሰው ምስክር ይሁነኝ።

ቱሚራ ወደ ሥራ ተመለሰች። ተማሪው ስለ እብጠቱ ነገራት፣ ፈገግ አለች፣ "እሺ ዶክተር" አለች፣ ልጁም እንደ ሌሎቹ ደስ ብሎት ጨረሰ። ፕሮፌሰር ሄንዳር ተነሥተው "ሴትዮዋ ምን ተሰማት?" አሏት።

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ሴትዮዋ ምንም አልተሰማትም ፕሮፌሰር።"

ፕሮፌሰሩ ጠበቁ። ልጁም ጠበቀ፣ እስክሪብቶውን ይዞ። ቱሚራ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣ ዝም አለች፣ እስኪያፍሩ ድረስ። በሌላው ልጅም እንደዚሁ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚሁ። ፕሮፌሰሩ ወደ ጎን ወስደው "ትንሽ ይረፉ፣ ቦታዎ የትም አይሄድም" አሏት። "እሺ" አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

በኋላ አውቶቡስ ስንጠብቅ ነገርኳት። "ልንገርሽ? ይሄ ነገር አይለቅሽም። ጎንዶ ምርጫ እንደነበረው ማወቅ አለበት። ሳያውቅ ነው የተቆረጠው። አንቺ እያወቅሽ ዝም ብለሻል። ንገሪውና ይስደብሽ፣ ይምታሽ፣ የፈለገውን ያድርግ።"

"መትቶኝ አያውቅም።"

"እንግዲያው ይጀምር!"

"ካወቀ ፊቴን አያይም።"

"አሁንስ ያያል?"

አውቶቡሱ መጣ። ስንወርድ "አብረሽኝ ሁኚ" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ስትዳኽልኝ የኖረች ሴት አንድ ነገር ስትለምነኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ልቤ ተነካ ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ያሰብኩት ምን ምግብ ይዤ እንደምሄድ ነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሄድኩ፣ ሩዝና ቴምፔ፣ የኮኮናት ወጥም ይዤ። ዝናብ ነበር። ጎንዶ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ አሻንጉሊቶቹን በጨርቅ ይወለውላል፤ ዝናብ ሲበዛ ቆዳው ሻጋታ ያወጣል። ቱሚራ ከማድ ቤት ወጣች። ፊት ለፊቱ በጉልበቷ ተቀመጠች።

"ፓ" አለችው፣ አባቴ እንደማለት። ባሏን ስታናግር በአክብሮት ነው፣ በወጣትነታቸውም እንደዚያው ነበር። "ያን ቀን ኒንድያ የነገረችዎትን ያስታውሳሉ?"

"አስታውሳለሁ።"

"ምን አለች? እስቲ በራስዎ አፍ ይንገሩኝ።"

ጎንዶ የያዘውን አሻንጉሊት አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ዳላንግ ታሪክ በገዛ ድምፁ አይናገርም፤ ያንን ረስቼው ነበር። መጀመሪያ ኒንድያ መጣች፤ ቀጭኗ፣ የደከማት፣ ቃሉን መጨረሻ ላይ የምትውጠው። "ፓ ጎንዶ፣ ሁለት መንገድ አለ" አለች ከጎንዶ አፍ። ጣቶቹን ብቻ መቁረጥ እንደሚቻል ተናገረች፣ ብዙ ሳምንት እንደሚያስተኛ፣ እግሩን ሊያተርፍ እንደሚችል፣ ለሕይወትም እንደሚያሰጋ። ከዚያ ሁለተኛውን ተናገረች። መሐል ላይ ዋናው ሐኪም ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ ሳሉን እንኳ አልዘለለውም። "ዋናው ሐኪም ሁለተኛው ይሻላል ይላሉ። ግን ምርጫው የእናንተ ነው። ገባዎት ፓ ጎንዶ?" አንድ ቃል አልጎደለም። ሥራውን ካቆመ ወዲህ በድምፅ ሲጫወት ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፣ እና ድንቅ ነበር። ደስ ሊለኝ ሁሉ ነበር።

እዚያ ላይ ቆም አለ። ከዚያ በቱሚራ ድምፅ፣ በዚያ ሕዝቡን ስታስቅበት በኖረችው ቀጭን ትሑት ድምፅ፣ "እሺ ዶክተር" አለ። ቀጥሎ በራሱ ድምፅ "እሺ" አለ።

ቱሚራ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ሁሉም ገብቶዎት ነበር?"

"ለምን አይገባኝም? በእኛው ቋንቋ በጃቫኛ ነው የተናገረችው።"

"ታዲያ ለምን እሺ አሉ?"

"አንቺ ቀድመሽ አልሽ እኮ" አለ ጎንዶ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠየቀችውን ነው የመለሰላት። "እኔ ላስብ ብዬ ወደ አንቺ ስዞር አንቺ እሺ ብለሻል። ስንት ዓመት ዶክተር ስታስተምሪ የኖርሽ አንቺ ነሽ፣ እኔ አሻንጉሊት ነው የማውቀው። ሰምታ እሺ ካለች የምታውቀው ነገር አለ አልኩ። ደግሞም እዚያ ወለል ላይ መተኛቱ ወገብሽን ጎድቶታል፣ ብዙ ሳምንት እንዴት ትችለዋለች አልኩ። የመረጥሽውን መረጥኩ።"

"እኔ አልመረጥኩም" አለች ቱሚራ። "አፌ ነው ያለው። ዶክተር ስትጠይቅ አፌ ብቻውን አለ።"

ጎንዶ ጨርቁን አጣጠፈው። እንደገና ዘረጋው።

"እኔ እኮ እንዲቆረጥ አልፈለግኩም ነበር" አለች።

"እኔም" አለ።

መድረክ ቢሆን ልቅሶ የሚገባው እዚህ ነው። ሙዚቀኞቹ ዝግ ያለውን ዜማ ይጀምራሉ፣ እኔ ከዙፋኔ እወርዳለሁ፣ ሕዝቡ አፍንጫውን ይናፈጣል። ጠበቅኩ። ማንም አላለቀሰም። እኔን ጨምሮ የማንም ዓይን አልረጠበም፣ እንደዚያ ቀን የፈራሁበትን ቀን አላስታውስም። እንደተቀመጡ ቀሩ፣ እሱ ጨርቁን ይዞ፣ እሷ በጉልበቷ። ማንም እንደማይነሳ ሳይ ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁ፣ ሳህን አወጣሁ፣ ሩዙን ከፈልኩ፣ ለጎንዶ ቴምፔውን አበዛሁለት። በየፊታቸው አስቀመጥኩላቸው። ሩዙ ቀዝቅዞ ነበር፤ በላነው።